ገበያ የራቀውን ኮንሶል ማን ይደግፈው?

የዩቢሶፍትና የዊ ዩ ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 የፈረንሳዩ የቪዲዮ ጌም አሳታሚ የዩቢሶፍት ኃላፊ ሚስተር ኢቭ ጊዬሞ የማያሻማ መልስ ሰጡ። «ዞምቢዩ» የተሰኘው የኩባንያቸው ጌም አትርፎ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አለማትረፉን ብቻ ሳይሆን ወደ ትርፍ እንኳ አለመጠጋቱን ተናገሩ። ስለዚህ ሁለተኛ ክፍል እንደማይሠራለት አስታወቁ። ጌሙ ለገበያ ከቀረበ ገና ስምንት ወሩ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱ ስለ አንድ ጌም ይምሰል እንጂ ከበስተጀርባው ያለው ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ዞምቢዩ የተሠራው የጃፓኑ ኒንተንዶ በኖቬምበር 2012 ገበያ ላይ ላዋለው «ዊ ዩ» ለተባለ ኮንሶል ብቻ ነበር። ኮንሶል ማለት እንደ ፕሌይስቴሽን ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ጌም የሚያጫውት መሣሪያ ነው። ዊ ዩ ገዢ አጥቶ በተንገዳገደበት ወቅት ከውጭ አሳታሚዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት አብሮት የቆመው ዩቢሶፍት ነበር። ያም ሆኖ ሁለት ዓመት ሳይሞላ እርሱም እጁን ሰብሰብ አድርጓል።

አንድ አሳታሚ ገዢ ያጣ መሣሪያን እስከ ምን ድረስ ሊደግፍ ይገባዋል? ድጋፉ ሲቋረጥስ ዕዳው የሚያርፈው በማን ላይ ነው? የዊ ዩ ታሪክ ለሁለቱም ጥያቄዎች በቁጥር የተደገፈ መልስ አለው። ነገሩ ጌም ለማይጫወት ነጋዴም ትምህርት አያጣም።

ሁለት ወገን ያለው ገበያ

የኮንሶል ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለይበት ነገር አለ። ራዲዮ ሻጭ ትርፉን የሚያገኘው ከራዲዮው ነው። የኮንሶል ባለቤት ኩባንያ ግን ብዙ ጊዜ መሣሪያውን በወጪው ዋጋ፣ አንዳንዴም ከወጪው በታች ሸጦ ትርፉን ከጌም ይጠብቃል። ዊ ዩ በ300 እና በ350 ዶላር ገበያ ላይ ሲውል በኪሳራ እንደሚሸጥ ኒንተንዶ ራሱ አስቀድሞ ተናግሯል። ገዢው ከመሣሪያው ጋር ቢያንስ አንድ ጌም ሲገዛ ኪሳራው ይካካሳል የሚል ስሌት ነበረው።

ጌሞቹን ሁሉ ግን የኮንሶሉ ባለቤት ብቻውን አይሠራም። እንደ ዩቢሶፍት ያሉ ሌሎች አሳታሚዎች በራሳቸው ገንዘብ ጌም አዘጋጅተው ያቀርባሉ፤ ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ ቅጂም ለኮንሶሉ ባለቤት የፈቃድ ክፍያ ይከፍላሉ። ስለዚህ ኮንሶል ሁለት ደንበኛ አለው፤ አንዱ ተጫዋቹ ሲሆን ሌላው አሳታሚው ነው። ተጫዋቹ ጌም ከሌለ መሣሪያውን አይገዛም። አሳታሚውም መሣሪያው በብዙ ሰው እጅ ካልገባ ጌም አያዘጋጅም።

አዲስ የተከፈተ የገበያ ሕንፃ ያየ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። ነጋዴው «ገዢ የለም» ብሎ ሱቅ ሳይከራይ ይቀራል፤ ገዢውም «ሱቁ ባዶ ነው» ብሎ ሳይገባ ያልፋል። ሕንፃው የሚሞላው አንድ ሰው ቀድሞ ለመክሰር ሲደፍር ነው፤ ወይ ባለቤቱ ኪራይ ይቀንሳል፣ ወይም አንድ የታወቀ ነጋዴ ነገ ይሞላል ብሎ ዛሬ ይገባል። ዩቢሶፍት በዊ ዩ ሕንፃ ውስጥ ያ የታወቀ ነጋዴ ነበር።

ትንበያና ሽያጭ

ኒንተንዶ ወደዚህ ሥራ የገባው ስም ይዞ ነው። በ2006 ያወጣው «ዊ» የተባለው ኮንሶል በጠቅላላው 101.63 ሚሊዮን ተሽጦለታል። ተተኪው ዊ ዩም ያንን ዕድል ይወርሳል ተብሎ ታሰበ። በጁን 2011 መሣሪያው ሎስ አንጀለስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተዋወቅ፣ ከአሜሪካ ታላላቅ አሳታሚዎች አንዱ የሆነው የኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ) የወቅቱ ኃላፊ ሚስተር ጆን ሪቺቴሎ መድረክ ላይ ወጥተው ከኒንተንዶ ጋር ከዚህ በፊት ያልታየ ሽርክና እንደሚፈጥሩ አብስረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚከተለው ነው። ኒንተንዶ እስከ ማርች 2013 መጨረሻ 5.5 ሚሊዮን ዊ ዩ እሸጣለሁ ብሎ ጀመረ፤ ጃንዋሪ ላይ ዕቅዱን ወደ 4 ሚሊዮን ዝቅ አደረገ፤ በመጨረሻ የተሸጠው 3.45 ሚሊዮን ሆነ። ከዚህ ውስጥ 3.06 ሚሊዮኑ የተሸጠው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ማለትም በፈረንጆች ገና ሰሞን ነበር። ከበዓሉ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። ከአፕሪል እስከ ጁን 2013 ባሉት ሦስት ወራት በመላው ዓለም የተሸጠው 160 ሺህ ብቻ ነው።

ኩባንያው ለተከታዩ የበጀት ዓመት 9 ሚሊዮን አቅዶ ነበር። በጃንዋሪ 2014 ዕቅዱን ወደ 2.8 ሚሊዮን አወረደው፤ ያንንም አልደረሰበትም፤ ሽያጩ 2.72 ሚሊዮን ሆነ። በዚህ መካከል ሶኒ በኖቬምበር 2013 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ 4.2 ሚሊዮን ተሸጠ። ዊ ዩ ከወጣ ጀምሮ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በአሥራ ሦስት ወር ተኩል ውስጥ፣ የተሸጠው በድምሩ 5.86 ሚሊዮን ነበር።

ዩቢሶፍት ለምን ገባበት?

ዩቢሶፍት በ1986 አምስት የጊዬሞ ወንድማማቾች በፈረንሳይ ብሬታኝ አውራጃ የመሠረቱት ኩባንያ ነው። አዲስ ኮንሶል ሲወጣ ቀድሞ የመገኘት ልማድ አለው። ልማዱ የትርፍ ስሌት አለበት። ኮንሶል በወጣበት ሰሞን በመደርደሪያ ላይ ያለው ጌም ጥቂት ስለሆነ፣ መሣሪያውን የገዛ ሰው ካሉት ጥቂቶች አንዱን መግዛቱ አይቀርም። በ2006 ከዊ ጋር አብሮ የወጣው «ሬድ ስቲል» የተባለው የዩቢሶፍት ጌም ከ1 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በ2009 የጀመረው «ጀስት ዳንስ» የተሰኘው የዳንስ ጌምም በዚያው በዊ ላይ ተወልዶ ከኩባንያው የታወቁ ምርቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ዩቢሶፍት ወደ ዊ ዩ ሲገባ ይህንኑ ልምዱን ይዞ ነው።

ደግሞም የመግቢያው ዋጋ ለአብዛኞቹ ጌሞች ርካሽ ነበር። ሚስተር ጊዬሞ በ2012 እንደገለጹት፣ ለሌላ ኮንሶል ተሠርተው ወደ ዊ ዩ የሚዛወሩት ጌሞች እያንዳንዳቸው ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በታች ነበር የሚያስወጡት። ከዚህ በላይ ገንዘብ የጠየቁት ከመነሻው ለዊ ዩ የታሰቡት ሁለቱ፣ ዞምቢዩና «ሬይማን ሌጀንድስ» ነበሩ።

የሁለቱን ልዩነት አንባቢ በቀላል ሒሳብ ሊያየው ይችላል። አኃዞቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው እንጂ ከዩቢሶፍት መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። የቸርቻሪውና የኒንተንዶ ድርሻ ከተነሣ በኋላ አሳታሚው ከአንድ ቅጂ 25 ዩሮ ይቀረዋል እንበል። 1 ሚሊዮን ዩሮ የፈጀ የተዛወረ ጌም ወጪውን ለመመለስ 40 ሺህ ቅጂ መሸጥ ይበቃዋል። በማርች 2013 በሰው እጅ ከነበረው 3.45 ሚሊዮን ዊ ዩ አንጻር ይህ ከመቶ አንድ ያህል ነው።

አሁን ደግሞ ለዊ ዩ ብቻ የተሠራና 15 ሚሊዮን ዩሮ የፈጀ ጌም አለ እንበል። ይህ 600 ሺህ ቅጂ መሸጥ አለበት፤ ማለትም ከስድስት የዊ ዩ ባለቤቶች አንዱ ሊገዛው ይገባል። በዚያው ጊዜ ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 በድምሩ ከ140 ሚሊዮን በላይ ተሽጠው ነበር። ይኸው ጌም በእነርሱ ላይ ቢወጣ ከ200 ባለቤቶች አንዱ ቢገዛው ወጪውን መልሶ ይተርፈዋል።

ስለዚህ ዩቢሶፍት ለዊ ዩ ሰጠ የሚባለው ድጋፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ቢሳካ ጥሩ፣ ባይሳካ ብዙም አይጎዳም። ሁለተኛው ውድ ነው፤ ኮንሶሉ ካልተሸጠ ገንዘቡ አይመለስም። ኮንሶልን ከወደቀበት ሊያነሣ የሚችለው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋች አዲስ መሣሪያ የሚገዛው በሌላ ቦታ የማያገኘውን ጌም ፍለጋ ነው። ቀድሞ የሚሸሸውም ይኸው ሁለተኛው ነው።

ሁለት ባላ መትከል

ይህ በግልጽ የታየው በሬይማን ላይ ነው። ሬይማን ሌጀንድስ ለዊ ዩ ብቻ ተብሎ ተዋውቆ ለፌብሩዋሪ 26 ቀን 2013 ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ቀኑ ሊደርስ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀር ዩቢሶፍት ጌሙን ወደ ሴፕቴምበር ማስተላለፉን አስታወቀ። ምክንያቱ ጌሙ በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 ላይም በአንድ ጊዜ እንዲወጣ ነው። የዊ ዩ ባለቤቶች ተቆጡ። ኩባንያው ማካካሻ ይሆን ዘንድ በአፕሪል ከጌሙ የተቀነጨበ የውድድር ክፍል በነፃ ሰጣቸው።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ከዩቢሶፍት ባለአክሲዮኖች አንጻር ውሳኔው ይኸው ነው፤ በ3.45 ሚሊዮን መሣሪያ ላይ የተንጠለጠለን ወጪ በ140 ሚሊዮን ላይ ማሳረፍ። ማንም የሒሳብ ሹም ይህንን አይቃወምም።

ከኒንተንዶ አንጻር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፌብሩዋሪ ማለት ከበዓሉ በኋላ ገበያው የቀዘቀዘበትና ዊ ዩ አዲስ ጌም አጥብቆ የሚፈልግበት ወር ነበር። ሬይማን በዚያ ወር ቢወጣ መሣሪያውን ያድነው ነበር ማለት አይቻልም። ሴፕቴምበር ላይ ሲወጣ ግን ለዊ ዩ መግዣ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል፤ ጌሙን በያዘው ኮንሶል የሚያገኝ ሰው ሌላ ኮንሶል አይገዛም። ጌሙ ራሱም ቢሆን ብርቱ ተፎካካሪ ጠበቀው። ሴፕቴምበር 17 ቀን «ግራንድ ቴፍት ኦቶ 5» ገበያ ላይ ዋለ።

የግማሽ ድጋፍ ጣጣ

ዩቢሶፍት ቢያንስ እውነተኛ ገንዘብ አውጥቷል። የሌሎቹ ድጋፍ ከዚህም የሳሳ ነበር። ያልታየ ሽርክና ያበሰረው ኢኤ ለዊ ዩ መክፈቻ ካቀረባቸው ጌሞች አንዱ «ማስ ኢፌክት 3» ነው። ዋጋው 60 ዶላር ነበር። በዚያው ወር ኢኤ ለኤክስቦክስ 360 ባለቤቶች የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል አንድ ላይ አሽጎ በ60 ዶላር አቀረበ። ሦስት ለ60 እየተሸጠ አንዱን በ60 የሚገዛ ደንበኛ መጠበቅ ያስቸግራል።

የእግር ኳሱ ጌምም እንዲሁ ነው። «ፊፋ 13» ለዊ ዩ ሲመጣ በሌሎቹ ኮንሶሎች ላይ ብዙ ተጫዋች የሚወደው «አልቲሜት ቲም» የተባለው ክፍል አልነበረውም። በተከታዩ ዓመት «ፊፋ 14» ለዊ ዩ ጭራሹን አልመጣም። በሜይ 2013 ኢኤ ለዊ ዩ እየተሠራ ያለ ጌም እንደሌለው ተነገረ። ከታላቁ ብስራት እስከዚህ ድረስ ሁለት ዓመት አልሞላም።

ዩቢሶፍትም ውሎ አድሮ ወደዚሁ መንገድ ገባ። «ዋች ዶግስ» የተባለው ትልቅ ጌሙ ለሌሎቹ ኮንሶሎች በሜይ 2014 ወጥቶ ለዊ ዩ የደረሰው በኖቬምበር ነው። ስድስት ወር በጌም ገበያ ረጅም ጊዜ ነው፤ ሊገዛ የፈለገ ገዝቶ ጨርሶታል። ዩቢሶፍትም ይህ ጌም ለአዋቂዎች ከሚያዘጋጃቸው ውስጥ በዊ ዩ ላይ የመጨረሻው እንደሚሆን ከመውጣቱ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሚስተር ጊዬሞ በዚያው ዓመት የሰጡት ምክንያት የዊ ዩ ደንበኞች እንደ «አሳሲንስ ክሪድ» ያሉ ጌሞችን እንደማይገዙ፣ ጀስት ዳንስን ግን በደንብ እንደሚገዙ ነው። እንዲያውም ለዊ ዩ ተሠርቶ ያለቀ አንድ ጌም ከስድስት ወር በላይ መደርደሪያ ላይ እንደቆየና መሣሪያው ወደ ብዙ ቤተሰብ እስኪገባ እንደሚጠብቅ ገልጸዋል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጌሙ ዘግይቶ ወይም ተቀንሶ ወይም በማያዋጣ ዋጋ ይቀርባል። ስለዚህም ጥቂት ይሸጣል። ከዚያ ያ ጥቂት ሽያጭ «የዚህ ኮንሶል ደንበኛ ጌም አይገዛም» ለሚለው ውሳኔ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የቦርድ አባላት የሚያዩት የሽያጩን ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ ኋላ ያለው የአቀራረብ ጉድለት በሠንጠረዡ ላይ አይታይም። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ይቀንሳል፣ አቀራረቡ ይብስበታል፣ ሽያጩም ይወርዳል። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ።

የኒንተንዶ ድርሻ

ጥፋቱን ሁሉ በአሳታሚዎች ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኒንተንዶ ራሱ ካመናቸው ስሕተቶች አንዱ የስያሜው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ዊ ዩን አዲስ ኮንሶል መሆኑን ሳይረዳ የድሮው ዊ ተጨማሪ ዕቃ አድርጎት ነበር። ኩባንያው የራሱን ጌሞችም በጊዜ አላደረሰም። ከመክፈቻው በኋላ ባሉት ወራት የመደርደሪያው ባዶነት ከውጭ አሳታሚዎች ይልቅ የባለቤቱ ጉድለት ነበር። ባለቤቱ ያልሞላውን ሕንፃ ተከራይ ይሙላው ማለት አይቻልም።

የሚስተር ጊዬሞ አባባልም ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ዊ ዩን የገዛው ሰው በአብዛኛው የመጣው ለኒንተንዶ ጌሞች ነበር። በሜይ 2014 የወጣው «ማሪዮ ካርት 8» በዊ ዩ ላይ 8.46 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል። በጠቅላላው ከተሸጠው 13.56 ሚሊዮን ዊ ዩ አንጻር ከአምስት ባለቤቶች ሦስቱ ገዝተውታል ማለት ነው። ኪስ ነበር፤ ኪሱ የሚከፈተው ግን ለኒንተንዶ ነበር።

ኒንተንዶ የገበያውን ራቅታ ለማስተካከል የወሰደው እርምጃ አልጠፋም። በሴፕቴምበር 2013 በአሜሪካ የ350 ዶላሩን ሞዴል ወደ 300 ዶላር አወረደ። በጃንዋሪ 2014 ፕሬዚዳንቱ ሟቹ ሚስተር ሳቶሩ ኢዋታ የአምስት ወር ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ። በማርች 2014 በተዘጋው የበጀት ዓመት ኩባንያው 23.2 ቢሊዮን የን የተጣራ ኪሳራ አስመዘገበ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የ«ባዮኔታ 2» ጉዳይ ነው። የዚህ ጌም ባለመብት ሴጋ ሲሆን የሠራው ደግሞ ፕላቲነም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ወጪውን ኒንተንዶ ሸፈነና ጌሙ በ2014 ለዊ ዩ ብቻ ወጣ። ይህ መንገድ ነገሩን በግልጽ ያስቀምጠዋል። ለተንገዳገደ ኮንሶል ብቻ ጌም እንዲሠራ የሚፈልግ ወገን ኪሳራውን ራሱ ሊሸከም ወይም ሊጋራ ይገባዋል። ዞምቢዩንና ሬይማንን የመሰሉ ውድ ሥራዎች በአሳታሚው ኪስ ብቻ ሲቆሙ ግን ዕድሜያቸው የአንድ የበጀት ዓመት ነው። ዞምቢዩ ራሱ በ2015 «ዞምቢ» ተብሎ በፕሌይስቴሽን 4፣ በኤክስቦክስ ዋንና በኮምፒውተር ላይ ወጥቷል።

ያለ ኢኤ የቀረው ሴጋ

ድጋፍ የነፈጉት ኮንሶል ምን እንደሚሆን ገበያው ከዚያ ቀደም ብሎ አይቶታል። ሴጋ «ድሪምካስት» የተባለውን ኮንሶል በ1998 በጃፓን፣ በ1999 ደግሞ በአሜሪካ አወጣ። በስፖርት ጌም የሚታወቀው ኢኤ ለድሪምካስት አንድም ጌም አላቀረበም። የወቅቱ የሴጋ አሜሪካ ኃላፊ ሚስተር በርኒ ስቶላር በኋላ እንደተናገሩት፣ ኢኤ በዚያ ኮንሶል ላይ ስፖርቱን ለብቻው እንዲይዝ ጠይቆ ሴጋ አልተቀበለውም። ሴጋ የራሱን የስፖርት ጌሞች ሠራ፤ ጌሞቹም ተመሰገኑ። ሆኖም በጃንዋሪ 2001 ኮንሶሉን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። የተሸጠው በጠቅላላው 9.13 ሚሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴጋ ራሱ ለሌሎች ኮንሶል ጌም የሚያቀርብ አሳታሚ ሆነ።

ድሪምካስትን የገደለው የኢኤ መቅረት ብቻ አይደለም፤ የሴጋ የቆየ ኪሳራና የፕሌይስቴሽን 2 መምጣት ከባድ ድርሻ አላቸው። የአንድ ትልቅ አሳታሚ መቅረት ግን ለገዢው እንደ ማስታወቂያ ያገለግላል። «እነርሱ ያላመኑበትን እኔ ለምን ልመንበት?» ያሰኛል።

ዕዳው የማን ነው?

በዚህ ሁሉ ውስጥ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይታይ አንድ ወገን አለ፤ እርሱም ገዢው ነው። ዩቢሶፍት ኪሳራውን በሌላ ኮንሶል አካክሷል። ኢኤ ቀድሞ ወጥቷል። ኒንተንዶ ቀደም ሲል ያካበተው ገንዘብ ነበረው። በ2012 መጨረሻ 350 ዶላር የከፈለው ሰው ግን መሣሪያውን የገዛው ጌም ይመጣል በሚል ተስፋ ነው። በማስታወቂያ ያየው ሬይማን ዘገየበት፣ ፊፋው ተቋረጠበት፣ ዋች ዶግስ ከሁሉ በኋላ ደረሰው። የገዛው ዕቃ ሳይበላሽ ጥቅሙ ቀነሰበት። ለዚህ ካሳ የሚጠይቅበት መዝገብ የለም።

የእኛም አገር ነጋዴ ይህን ሒሳብ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ ኳስ የሚጫወቱባቸው ቤቶች የሚጠሩት «ፕሌይስቴሽን ቤት» ተብለው ነው። የቤቱ ባለቤት መሣሪያ ሲገዛ የሚጠይቀው የኮንሶሉን የቴክኒክ ደረጃ ሳይሆን ደንበኛው የሚፈልገው የኳስ ጌም በየዓመቱ ይመጣለት እንደሆነ ነው። የኳስ ጌሙ በሁለተኛው ዓመት የተቋረጠበት ኮንሶል ለእንዲህ ያለው ቤት ገቢ የማያስገኝ ዕቃ ነው። አሳታሚ ኮንሶልን ሲተው ጉዳቱ ከአንድ ቤተሰብ አልፎ በመሣሪያው እንጀራ የሚበላውን ሰው ሁሉ የሚነካው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ

የዊ ዩ ምርት በጃንዋሪ 2017 ቆመ። ዩቢሶፍት ጀስት ዳንስን በየዓመቱ እስከ 2018 ድረስ ለዊ ዩ ማቅረቡን ቀጥሎ ነበር። በ2019 የወጣው «ጀስት ዳንስ 2020» ግን ለዊ ዩ ቀርቶ ለድሮው ለዊ ወጣ፤ ዊ ገበያ ላይ ከዋለ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አዲሱ ተትቶ አሮጌው የቀጠለበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። በአንዱ በኩል 13.56 ሚሊዮን መሣሪያ አለ፤ በሌላው በኩል ከ101 ሚሊዮን በላይ።

ኒንተንዶ በማርች 2017 «ስዊች» የተባለውን ኮንሶል አወጣ። ዩቢሶፍት በዚያው ዓመት ኦገስት የኒንተንዶን ማሪዮና የራሱን ራቢድስ አንድ ላይ ያጫወተውን «ማሪዮ ፕላስ ራቢድስ ኪንግደም ባትል» ይዞ ቀረበ። ኒንተንዶ ዋነኛ ሀብቱ የሆነውን ማሪዮን ለውጭ ኩባንያ ማዋሱ በክፉ ቀን አብሮት ለቆመ አሳታሚ የተሰጠ ትልቅ እምነት ነው። ስዊች ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ጌሙም ሰመረለት።

ዩቢሶፍት በዚህ ተበረታቶ በኦክቶበር 2022 ተከታዩን ክፍል አወጣ፤ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ሽያጩ ከጠበቀው በታች መሆኑን አስታወቀ። በዚያ ዓመት ሚስተር ጊዬሞ የሰጡት አስተያየት ከአሥር ዓመት በፊት ከሰጡት ጋር ሲነጻጸር ያስገርማል። ለአንድ መሣሪያ አንድ እንዲህ ያለ ጌም ይበቃል ብሎ ኒንተንዶ መክሯቸው እንደነበርና ቀጣዩን ኮንሶል መጠበቅ ይሻላቸው እንደነበር ተናገሩ። በዊ ዩ ጊዜ መሣሪያው በጥቂት ሰው እጅ ስለነበረ ከሰሩ፤ በስዊች ጊዜ ደግሞ መሣሪያው በሁሉ እጅ ገብቶ ሳለ ገዢው ተመሳሳይ ጌም ስለነበረው ሽያጩ አነሰባቸው።

ስለዚህ አንድ ታዋቂ ድርጅት አዲስ ዕቃን እደግፋለሁ ብሎ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ዕቃው ኮንሶልም ይሁን ተሽከርካሪ ወይም የስልክ ቀፎ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ገዢው ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። ደጋፊው ቢከሽፍ የማይመለስ ምን ያህል ገንዘብ አውጥቷል? ለዚህ ዕቃ የሚያቀርበው ነገር ለሌሎቹ በሚያቀርብበት ቀንና ዋጋ፣ ሳይቀነስ ይደርሳል? የዕቃው ባለቤትስ ኪሳራ ቢመጣ ከደጋፊው ጋር ይካፈላል? የዊ ዩ ገዢ በ2012 እነዚህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ የኢኤ ድጋፍ ሁለተኛውን ጥያቄ ገና በመክፈቻው ሰሞን እንደወደቀ በማስ ኢፌክት 3 ዋጋ ላይ ያየው ነበር።